ሞተር አልባዋ አውሮፕላንና የአያቴ አህያ

ሰላም አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንዴት አመሻችሁ?

ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። ማይኩ ከሄደ እጃችሁን አውጡ። እኔ ብየዳ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ጮክ ብሎ ማውራት አያቅተኝም።

በቅድሚያ ይህን ምሽት ላዘጋጃችሁ ወጣቶች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ላይ ስለ ጌም ንግግር አድርግ ስባል የቀለዱብኝ ነበር የመሰለኝ። ሰው ስለ ጤና ይናገራል። ስለ ንግድ ይናገራል። የ36 ዓመት በያጅ ቆሞ ስለ ጌም ይናገራል እንዴ? የባሰው ደግሞ እናቴ መጥታለች። ያቻትላችሁ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላዋን ያጣፋችው። (ሳቅ) ከቤት ስንወጣ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ያንን ቆርቆሮህን ለሰው ልታወራ ነው?" አዎ እማዬ፣ ቆርቆሮውን ላወራ ነው።

ቀን ቀን በርና መስኮት እሠራለሁ። ቱቦላሬ እቆርጣለሁ፣ ላሜራ አጥፋለሁ። ማታ ማታ መብራት ካለ ስቶርምወርክስ የሚባል ጌም እጫወታለሁ። መነሻው የባሕር ላይ ነፍስ አድን ሥራ ነው። ጀልባውን፣ ሄሊኮፕተሩን፣ መኪናውን ራስህ ነህ የምትሠራው፣ ብሎክ በብሎክ። የአንዷ ብሎክ ጎን 25 ሳንቲሜትር ነው። ሞተሩ ለብቻው፣ ጎማው ለብቻው፣ ዊንቹ ለብቻው። ሽቦውን ሳይቀር አንተ ነህ የምትዘረጋው። ለምን እንደወደድኩት ታውቃላችሁ? ብረቱ አይቆጠርብኝም። ሲበላሽም ደንበኛ በር ላይ አይቆምብኝም።

እዚህ ጌም ላይ አንድ አሮጌ የጦርነት ጊዜ ግላይደር ሠርቻለሁ። አራት ወር ፈጅቶብኛል። ዛሬ ስለ እሱ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንድ፣ ጭነት። ሁለት፣ ማሰር። ሦስት፣ ማረፍ። ከዚያ እዚያ ጥግ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍተንላችኋል፣ ትሞክሩታላችሁ።

ግላይደር ምንድን ነው? ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። አንዳንዶቻችሁ "ሞተር ከሌለው ታዲያ በምን ይበራል?" ትላላችሁ። ሐረጎን የማያውቅ እዚህ አለ? የለም። ከዚህ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት። ድሮ አንዳንድ ሹፌር ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሐረጎን በዜሮ ማርሽ ይለቃታል። እንዳትሞክሩት! ስንት ሰው አልቆበታል። ግን መኪናዋ ትሄድ የለ? ማን ነው የሚነዳት? ቁልቁለቱ ነው። ግላይደርም እንደዚያ ነው፣ ቁልቁለቱ አየር ላይ መሆኑ ነው እንጂ። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ገመዱ ይለቀቃል። ከዚያ ከፍታውን እየበላ ይሄዳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መሐል ላይ ያለው 650 ሜትር ለግላይደር ነዳጅ ነው። ሲያልቅ አለቀ። መንገድ ላይ ማደያ የለም።

እኔ የሠራሁት ዋኮ ሲጂ-4ኤ የሚባለውን የአሜሪካኖቹን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ13,900 በላይ ተሠርቷል። ጦሩ ለምን ፈለገው? በፓራሹት የሚወርድ ሰው ይበተናል። አንዱ ዛፍ ላይ፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ፣ አንዱ ሌላ መንደር ይወርዳል። እስኪሰባሰቡ ይነጋል። ግላይደር ግን 13 ወታደር ከነመሣሪያው አንድ ቦታ ላይ ዘርግፎ ያወርዳል። ወይም አንድ ጂፕ። ወይም አንድ መድፍ። ደግሞም ድምፅ የለውም።

አሁን እኔን የገረመኝን ልንገራችሁ። ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? አካሉ የተበየደ የብረት ቱቦ ነው። ክንፉ እንጨት ነው። ወለሉ ኮምፔርሳቶ ነው። ላዩ ጨርቅ ነው። ጨርቅ! ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ቱቦ፣ ኮምፔርሳቶ፣ አቡጀዲ። ይሄ እኮ የእኛ ሰፈር ሥራ ነው! ከሁሉም አብልጦ የሠራው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ነው፣ ከ4,000 በላይ። እንግሊዞቹ ሆርሳ የሚባል የራሳቸው ግላይደር ነበራቸው። እሱን ደግሞ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ሳይቀሩ ሠርተውታል። ትናንት ቁምሳጥን የሠራ እጅ ዛሬ ክንፍ ይሠራል ማለት ነው።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ጭነት።

እኔ ምን አደረግሁ? ከክንፍ ጀመርኩ። ሁሉም ሰው ከክንፍ ነው የሚጀምረው፣ ክንፍ ያምራላ። የዋኮ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሜትር ተኩል ነው። በጌሙ ብሎክ ሲሰላ 102 ብሎክ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ክንፍ ስደረድር ከረምኩ። ከዚያ ለክንፉ የሚመጥን ሸንቀጥ ያለ አካል ሠራሁ። አቤት ሲያምር! ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። በመጨረሻ ጂፑን ሠርቼ ላስገባ ስል መስተዋቱ ጣሪያውን መታ። መስተዋቱን አነሳሁ። ጎማው ግድግዳውን ያዘ። ጎማውን አጠበብኩ። መሪው በሩን ነካ። መሪውን ዝቅ አደረግሁ። እንዲህ እየቆረጥኩ እየቆረጥኩ ጂፑ ጋሪ ሆነ። (ሳቅ)

ያኔ ነው አያቴ ትዝ ያለኝ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ኩታበር ገበሬ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አሥር ዓመት ገደማ ሆኖኝ ክረምቱን እሱ ጋ ከርሜያለሁ። አንድ የገበያ ቀን ሌሊት ላስደስተው ብዬ ከሁሉ በፊት ተነሳሁ። አህያዋን አወጣሁ። ጀርባዋ ላይ መደላድሉን አነጠፍኩ። መጫኛውን አምጥቼ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ዞር ብዬ ምስጋና ጠበቅሁ። አያቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ፣ አየኝ፣ አህያዋን አየ።

"ምን ልትጭንባት ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምኑን አሰርከው? ስልቻ ነው? እንጨት ነው? ማሰሮ ነው? የማሰሮና የእንጨት አስተሳሰር አንድ ነው እንዴ?"

ፈታው። ምንም አልተቆጣም፣ ግን ፈታው። ከዚያ ሦስቱን ስልቻ አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረና አያቸው። አየ፣ አየ፣ አየ። አህያዋን ወደ ስልቻዎቹ አመጣት እንጂ ስልቻዎቹን ወደ አህያዋ አልወሰደም። እኔ ይህንን በ36 ዓመቴ በኮምፒውተር ላይ ነው የተረዳሁት።

እናም አፈረስኩት። ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ክንፍ አጠፋሁት። ያማል! ጂፑን፣ ሙሉውን ጂፕ፣ ባዶ ሜዳ ላይ አቆምኩ። ዙሪያውን ቤት ሠራሁለት። ግራና ቀኝ አንዳንድ ብሎክ ክፍተት። ከላይ አንድ። ከዚያ ጣሪያ። ከዚያ ጅራት። ክንፉ መጨረሻ መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ? አስቀያሚ ነው። ፊቱ የደነዘዘ፣ ሆዱ የተነፋ። በኋላ የእውነተኛውን ዋኮ ፎቶ ጎን ለጎን ሳደርገው ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው! እነሱም የሠሩት ሣጥን ነው ማለት ነው። ሣጥን ሠርተው ክንፍ ቀጠሉበት።

በሩ ደግሞ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? አፍንጫው ነው በሩ። ሙሉ አፍንጫው ከነአብራሪዎቹ ወንበር ወደ ላይ ይከፈታል፣ እንደ ሣጥን ክዳን። ጂፑ በገመድና በመዘውር ከአፍንጫው ጋር ይያያዛል። መሬት ሲነኩ ሹፌሩ ጂፑን ወደ ፊት ይነዳል፣ ገመዱ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል። ጂፑ የራሱን በር ራሱ ከፍቶ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ እንደ በያጅ እቀናለሁ። እውነት እቀናለሁ። እኔ ለማጠፊያውና ለገመዱ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ላይ አፍንጫው ሲከፈት አብራሪውን ወደ ሰማይ ይወረውረው ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ። ማሰር።

ዋኮ ባዶውን ወደ 1,770 ኪሎ ይመዝናል። ከነጭነቱ 3,400። ልዩነቱን አስሉት። 16 ኩንታል አካባቢ። የራሱን ክብደት ሊያክል ምንም አልቀረውም። ነጋዴዎች፣ እዚህ አላችሁ? 16 ኩንታል በጨርቅ አውሮፕላን! እንግዲህ የጭነቱ ክብደት የአውሮፕላኑን ካከለ፣ ጭነቱ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሸሸ ማለት ሌላ አውሮፕላን ሆነ ማለት ነው።

ሚዛኑን እንዴት አገኘሁት? ጌሙ ውስጥ ክሬን ሠራሁ። ግላይደሩን ከነጂፑ ክንፉ ባለበት በኩል በአንድ ገመድ አንጠለጠልኩት፣ የገበያ ሚዛን እንደሚንጠለጠለው። ጅራቱ ዘጭ አለ። ጂፑን ሁለት ብሎክ ወደ ፊት ወሰድኩ። አሁንም ጅራቱ ይከብዳል። አንድ ብሎክ ጨመርኩ። አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። እሱ ነው የሚፈለገው። አፍንጫ ትንሽ ቢከብድ ይሻላል። ጅራት የከበደው ግን አመለኛ ነው፣ አይያዝም።

ጎታቹ ጓደኛዬ ነው። ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፣ በኢንተርኔት አብረን እንጫወታለን። እሱ ዋኮን ትጎትት የነበረችውን ሲ-47 የተባለች የጭነት አውሮፕላን የምትመስል ሠርቷል። የእውነተኛው ገመድ ናይለን ነበር፣ 107 ሜትር ገደማ። ሁለቱ አብራሪዎች እንዲነጋገሩ የስልክ ሽቦ ተጠምጥሞበት ነበር። እኛ በቴሌግራም ነው የምናወራው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት መቼም አልረሳትም። "ሳብ!" አልኩት። ገመዱ ተወጠረ። ተንቀሳቀስን። ግላይደሩ ቀድሞ ተነሳ፣ ጎታቹ ገና መሬት ላይ ነው። ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ልቤ ደስ አላት። ቀጥሎ እሱም ተነሳ። ወደ ላይ መጎተት ሲጀምር ከኋላዬ ኳ! የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጂፑ ነው። የእጅ ፍሬን ይዤዋለሁ። አላሰርኩትም!

ወደ ጅራት ተንሸራተተ። አፍንጫዬ ሰማይ ሰማይ አለ። ወደ ፊት ገፋሁ፣ እምቢ። እኔ ወደ ላይ ስወጣ ገመዱ የጓደኛዬን ጅራት ወደ ላይ ይስባል። "ምን እያደረግህ ነው? ልቀቅ! ልቀቅ!" ይላል። መልቀቂያው የት ነበር? ደርቄ ቀረሁ። እሱ ባፍጢሙ ተተከለ። እኔ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ። የሚያስቀው፣ በዚያችው ቅጽበት እዚህ ደሴ መብራት ጠፋ። ጓደኛዬ እስኪነጋ ድረስ ግጭቱ ኮምፒውተሬን ያቃጠለው መስሎት ሲጨነቅ አደረ። (ሳቅ)

እንደገና ወደ አያቴ ልመልሳችሁ። ጭኖ ሲጨርስ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ጭነቱን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይይዝና ይነቀንቀዋል። አህያዋ አብራ ከተነቃነቀች ጨርሷል። ጭነቱ ብቻውን ከተነቃነቀ ይፈታዋል። ከመጀመሪያው። ኩታበር ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። በዚያ ብርድ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣ ይፈታዋል። እኔም ጂፑን ከወለሉ ጋር በአራት ገመድ አሰርኩት። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አግድም። ከዚያ በክሬን አንስቼ ግላይደሩን ወዘወዝኩት። ጂፑ አልተነቃነቀም። ያኔ ነው ጓደኛዬን የደወልኩለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ስለ ትርፍ ላውራችሁ። ከዚህ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትሄዱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው" የሚል ረዳት አለ አይደል? ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው።

ዊንጌት የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ በስሙ ትምህርት ቤት አለ። በ1933 ዓ.ም. ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል የገባውን የጌዴዎንን ጦር የመራ የእንግሊዝ መኮንን ነው። ሰውዬው ከሦስት ዓመት በኋላ የት ነው? በርማ። ከጃፓን ጦር ጀርባ ወታደር ያወርዳል። በምን? በዋኮ! እኔ ይህን ሳውቅ "አንተ ሰውዬ፣ እዚህም አለህ?" ነው ያልኩት። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1944 ሌሊት ነው። አንድ ጎታች ሁለት ሁለት ግላይደር ይዞ ተራራ መሻገር ነበረበት። ግላይደሮቹ ደግሞ ከልክ በላይ ተጭነዋል። ጥይት ተጨመረ፣ ስንቅ ተጨመረ። "ይቺ ምን አላት?" የሚል ሰው እዚያም አለ። ገመድ ተበጠሰ። አሁንም ተበጠሰ። ደግሞ ተበጠሰ። ብዙዎቹ ቦታው ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀሩ። የደረሱት ግን ትንንሽ ቡልዶዘር ይዘው ነበርና፣ በማግሥቱ ማታ ትልልቅ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ጠርገው ጨረሱ። ዊንጌት ራሱ በዚያው ወር አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ።

በቅሎም ጭነዋል። አዎ፣ በቅሎ፣ በግላይደር! በቅሎ አየር ላይ ብትደነግጥ ምን ልትሆን ነው? ጠላት እንዳይሰማቸው ደግሞ በቅሎዎቹን ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና አድርገው ድምፅ አሳጥተዋቸዋል። እማዬ፣ ከንፈርሽን ስትመጪ ሰማሁሽ። አያቴም ቢሰማ ዊንጌትን ይቅር የሚለው አይመስለኝም። ጌሙ ውስጥ በቅሎ የለም። እኔ ከባድ ብሎክ ደርድሬ በቅሎ አልኩት። ትርፍም ሞከርኩ። ከልኩ በላይ ሦስት ኩንታል። ተነሳ። ሳስበው እሱ ነው ክፋቱ፣ መነሳቱ። ስንነሳ "አየህ፣ ምንም አልሆነም" አልኩት ለጓደኛዬ። ስናርፍ ጎማ አልቀረልንም።

ሌላም ልጨምር፣ ይሄኛው የእኔ ሙያ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1943 ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ አሜሪካ። አዲስ የተሠራ ዋኮ ለሕዝብ ይታያል ተብሎ ብዙ ሺህ ሰው ሜዳ ወጥቷል። ከንቲባው ራሱ ተሳፈረ። ግላይደሩ ገመዱን ለቀቀ። ወዲያው የቀኝ ክንፉ ተገነጠለ። አሥሩም ሞቱ፣ ሕዝቡ እያየ። ሲመረመር ምን ተገኘ? ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ከአካሉ ጋር የሚያያዝበት አንዲት የብረት ቁራጭ። ከልኳ በላይ ተልጋ ሳስታለች። ያንን ቁራጭ የሠራው ድርጅት ደግሞ ከጦርነቱ በፊት ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ብረታ ብረት ይሠራ የነበረ ነው።

ጌሙ የሚዋሸን እዚህ ጋ ነው። ስቶርምወርክስ ላይ ክንፍህ በአንዲት ብሎክ ቢያያዝም አይገነጠልም። ካልተጋጨህ በቀር ይዞህ ይሄዳል። ልጆች፣ ይህንን እንዳታምኑት! እኔ እውነቱን የማውቀው በጌም አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛ የውኃ ሮቶ ማቆሚያ ሠራሁ። አራት እግር። ከእግሮቹ ሥር የሚገባው ላሜራ 4 ሚሊ መሆን ነበረበት። ሦስቱን በ4 ሠራሁ። ላሜራው አለቀ። አራተኛውን በ2 ሚሊ አደረግሁት። ቀለም ከተቀባ ማን ያየዋል? ማንም አላየውም። ሮቶው ሞልቶ ሳለ አንድ ሌሊት ያች እግር ታጠፈች። የዶሮ ቤት ላይ ወደቀ። ሰው አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን። ሴትዮዋ ጠዋት ደወሉልኝ። አልተሳደቡም። "ልጄ፣ ና እስቲ እየው" ነው ያሉኝ። ሄጄ አየሁት። ያቺ 2 ሚሊ ላሜራ እንደ ቆሎ ወረቀት ተጣጥፋለች። እስካሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፣ የሚመጣ ሰው ሁሉ "ምንድን ናት?" ይለኛል።

ወደ ሦስተኛው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ስገባ በር ላይ አንድ አባት ያዙኝና "ልጄ፣ ለምን የጦር ዕቃ?" አሉኝ። እዚያ ተቀምጠዋል። አባባ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። በዚህ ከተማ ከሰማይ የመጣ ነገር ስንቱን አስለቅሷል። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ጃንሆይ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ላይ ቆመው ተኩሰዋል። በ2014ም ያየነውን አይተናል። ይህ ሁሉ ባለበት አገር ጦርነት ጨዋታ አይደለም። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደግሞ መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ትልልቅ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ይጥሉ ነበር። ጆንያው መሬት ሲመታ እንዳይፈነዳ ደራርበው ከትተው። እማዬ ያንን ጊዜ ታውቀዋለች። እኔ ግላይደሩ ውስጥ መድፍ ጭኜ አላውቅም። ጂፕ ጭኛለሁ። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ የምታዩት ደግሞ 16 ኩንታል የጫነ ነው። መድፉን ለመሥራት እጄ እምቢ አለኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማረፍ። ሰዓት እያለቀ ነው፣ ቶሎ እላለሁ።

ሞተር ያለው አብራሪ ሜዳውን ከሳተ ዞሮ ይመለሳል። ግላይደር አይመለስም። አንዴ ነው። ስለዚህ ገመዱን የምትለቅበት ቦታ ሁሉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሲሊ ላይ ብዙ ግላይደሮች በሌሊት፣ በኃይለኛ ነፋስ፣ ከባሕሩ ዳር ርቀው ተለቀቁ። ከ60 በላይ የሚሆኑት ባሕር ውስጥ ወደቁ። ብዙ ወታደር ሰጠመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጁን 6 ቀን 1944፣ ኖርማንዲ። ከእኩለ ሌሊት ትንሽ አለፍ ብሎ ስድስት ሆርሳዎች ሁለት ድልድይ ለመያዝ ተላኩ። አንዱ መንገድ ሳተ። የመጀመሪያው ግን በጨለማ፣ ያለ ሞተር፣ ከድልድዩ 50 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ከዚህ መድረክ እስከ ውጭው በር ምን ያህል ነው? ቢበዛ እሷን ታህል ነው።

እኔስ? 11 ጊዜ ወድቄያለሁ። አራት ጊዜ ባሕር ውስጥ። አንድ ጊዜ የሰው ቤት ጣሪያ ላይ። ችግሬ ምን ነበር? ከፍታ ስለማልወድ ቶሎ እለቃለሁ። ከዚያ ሜዳው ሩቅ ይሆንብኛል። በ12ኛው ጓደኛዬ "አሁን" ሲለኝ አልለቀቅሁም። "አሁን!" አለኝ ደግሞ። አልለቀቅሁም። ሜዳው ከአፍንጫዬ ሥር ሊጠፋ ሲል ለቀቅሁ። ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ነፋስ ብቻ። ወረድኩ። ሣሩን ነካሁ፣ ነጠርኩ፣ ደግሞ ነካሁ፣ ቆምኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አፍንጫው ተከፈተ። ጂፑ ወጣ፣ ሙሉው ጂፕ፣ ከነመስተዋቱ። እኔ ቤት ውስጥ ጮኼ ኖሯል። እማዬ በሩን ከፍታ "ምን ሆንክ?" አለች። "አረፍኩ!" አልኳት። እሷ ምን አለች? "ታዲያ አርፈህ ተኛ።" (ሳቅ)

እሺ፣ አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ተራ ይዛችሁ፣ ሳትጋፉ። "አንድ ሰው ነው" የሚል እንዳልሰማ! መጀመሪያ አባባ ይሞክሩልን። ይምጡ፣ ይቀመጡ። አይ፣ እርስዎ ይችላሉ፣ የልጅ ልጅዎ ጎንዎ ትቆማለች። ጓደኛዬ ከኮምቦልቻ ገብቷል፣ ሊጎትትዎ ዝግጁ ነው። ጭነቱ ታስሯል፣ እኔ ራሴ ነቅንቄ አይቻለሁ። ይሄ መሪው ነው። ይቺ ቀይዋ ገመዱን የምትለቀው ናት።

ኧረ አባባ፣ አሁን አይደለም! ገና አልተነሳንም!